ጥጥ መለየትም ትምህርት ነው

አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች ጥጥና ሱፍ ይዘው ይማሩ ነበር። ጥጡን ከፍሬው በእጃቸው እየለዩ 30 ደቂቃ ለፉ፤ ያገኙት ከ30 ግራም ያነሰ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ለምን እንደለበሱ ያኔ ገባቸው። ቀጥለው ሁለቱን አስተያዩ። የጥጡ ክር አጭርና ለስላሳ ነው፤ የሱፉ ግን ረጅምና ሻካራ ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል። ከዚያ ወደ እንዝርት፣ ከእንዝርት ወደ ፋብሪካ ታሪክ ተሻገሩ።

ታሪክና ሳይንስ ከአንድ ሥራ ተመዘዙ ማለት ነው።

ዛሬ ብዙ ትምህርት ቤቶች «የተግባር ትምህርት» የሚሉት ግን አርብ ከሰዓት ወረቀትና ሙጫ ማደልን ነው። ይህ ትምህርቶችን ማዋሃድ አይደለም። ዕቅዱ ከሥራው ተነስቶ ወደየትምህርቱ ካልሄደ፣ የሒሳቡና የሳይንሱ መምህራን አብረው ካልተቀመጡ፣ ልጁ ከጨዋታው ብዙ አያተርፍም።

እርግጥ ዲዊ የጀመረው በ16 ተማሪዎች ብቻ ነበር። ከ50 በላይ ልጆች በሚታጨቁበት የእኛ ክፍል ነገሩ ይከብዳል። ያም ሆኖ የአካባቢ ሳይንስ የሚባል የተዋሃደ ትምህርት በእጃችን አለ፤ መዳመጫ፣ ደጋንና እንዝርትም ከብዙ ቤት አልጠፉም። ከወላጆች መካከል አንዲት ፈታይ ጋብዞ ባዘቶ እንዴት ክር እንደሚሆን ማሳየት፣ ክሩን መለካት፣ ዋጋውን ማስላት በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የክፍለ ጊዜውን ድልድል ማላላትንና የርዕሰ መምህሩን ፈቃድ ነው።