የምንገዛው ስልክ ነውን ወይስ ክብር?

ባለፈው የትምህርት መንፈቅ በአንድ ክፍል የምናድር ስምንት ተማሪዎች በየ15 ቀኑ 500 ብር እያዋጣን ዕቁብ ጀምረን ነበር። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ጓደኛችን የደረሰውን 4,000 ብር፥ በጅዳ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅቱ ከላከችለት ገንዘብ ጋር ደምሮ ያገለገለ አይፎን ገዛ። ሦስት ሳምንት ያህል ደስ ብሎት ያዘው፤ እኛም አብረን ደስ አለን፤ ፎቶግራፍም ተነሣንበት። ከዚያ በኋላ ስልኩ መንቀራፈፍ ስለ ጀመረ፥ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ ዐዲስ ሊያስጀምረው ቢሞክር ስልኩ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ጠየቀው። ያ ባለቤት ማን እንደ ሆነ፥ በየት አገር እንደሚኖርም የሚያውቅ የለም። ባለሱቁም «ስትወስደው ይሠራ ነበር» ብሎ መለሰው።

ይህን የምንጽፈው ጓደኛችንን ለማሳፈር አይደለም፤ ፈቃዱንም ጠይቀን ነው። የምንጽፈው ጥፋቱ የርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ስልኩን ከመግዛቱ በፊት በነበረው ማታ ዐዲስ ቴክኖ ለመግዛት ዐስቦ እንደ ነበር እናውቃለን። «አንተም እንደ ባላገር ቴክኖ ልትይዝ ነው?» ብለን የሣቅንበት እኛው ነን። ይህንንም ስንል ከስምንታችን አምስታችን የገበሬ ልጆች ነን። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ መርምሮ ለአንባብያን ማቅረብ ዕዳችን ሆኖ አግኝተነዋል።

በተማሪው መካከል ስለ ስልክ ክርክር በተነሣ ቍጥር ሦስት ነገሮች ይጠቀሳሉ፤ እነርሱም የመግዣው ዋጋ፥ ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋና የሚያስገኘው ክብር ናቸው። በየተራ እንያቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ስለ መግዣው ዋጋ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ርካሾቹ ቴክኖ፥ ኢንፊኒክስና አይቴል ናቸው፤ ሦስቱም ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ምርቶች ናቸው። ይህ ኩባንያ በ2011 በሀገራችን የስልክ መገጣጠሚያ የከፈተ ሲሆን፥ በአማርኛ ፊደል የሚጻፍባቸውንም ስልኮች ለገበያ አቅርቧል። ሳምሰንግ በሁለቱም ወገን ይነግዳል፤ «ኤ» የሚባሉት ስልኮቹ ለመካከለኛው ኪስ፥ «ኤስ» የሚባሉት ደግሞ ለባለጸጋው የተሠሩ ናቸው። አይፎን ከሁሉ ይወደዳል። ነገር ግን ሁሉም በዶላር የሚገዙ መሆናቸውን መርሳት አይገባም። እዚሁ የሚገጣጠመውም ቢሆን ክፍሎቹ ከውጭ ይመጣሉ። በሐምሌ ወር 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የአባታችን ጤፍና የእናታችን ዶሮ ግን በዶላር አይሸጡም። ስለዚህ «ትንሽ ጨምሬ የተሻለውን ልግዛ» የሚለው ቃል ዛሬ ከትናንት ይልቅ ከባድ ቃል ነው።

ሁለተኛው ክርክር ብልኅ የሚመስለው ነው። «አይፎን ውድ ቢሆንም ሲሸጥ ዋጋው አይወድቅም፤ ቴክኖ ግን ከሱቅ በወጣ ማግስት ግማሽ ይሆናል» ይባላል። በዚህ ንግግር ውስጥ እውነት አለ። አፕል በዓመት የሚያወጣቸው ስልኮች ጥቂት ናቸው፤ ለቀድሞዎቹም ብዙ ዓመት ዐዲስ ሥርዐት ይልክላቸዋል። በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስ ኤስ በ2024 የወጣውን ሥርዐት ለመቀበል ችሏል። የርካሾቹ ስልኮች ዐይነት ግን እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ያምናው ዘንድሮ ይረሳል።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን እስከ ፍጻሜው እናድርሰው። ለስሌት ያህል አንድ ሰው በ60,000 ብር አይፎን ገዝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በ40,000 ብር ሸጠው እንበል። ሌላው በ15,000 ብር ቴክኖ ገዝቶ በ6,000 ብር ሸጠው እንበል። የመጀመሪያው ከመቶ 33 እጅ፥ ሁለተኛው ከመቶ 60 እጅ አጥተዋል፤ በዚህ አቈጣጠር ባለ አይፎኑ አሸናፊ ነው። በብር ስንቈጥር ግን የመጀመሪያው 20,000፥ ሁለተኛው 9,000 ብር ነው ያጣው። ዳቦ የሚገዛው በብር እንጂ በመቶኛ አይደለም። ከዚህም በቀር ባለ ቴክኖው ሁለቱን ዓመት ሙሉ 45,000 ብር በእጁ ነበረ፤ ወይም አልተበደረም።

«ከገዛሁበት በላይ ሸጥኩት» እያሉ የሚመሰክሩም አሉ። ብሩ በወደቀበት ዓመት ይህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለው ስልኩ ስለ ጨመረ ሳይሆን ብሩ ስለ ቀነሰ ነው። ያው ሰው ሌላ ስልክ ሊገዛ ገበያ በወጣ ጊዜ ትርፉ እንደ ጉም ይበናል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። ስልክ ሲሸጥ ዋጋው አይወድቅም ማለት ለሻጩ ምስጋና፥ ለገዢው ደግሞ ዕዳ ነው። እኛ ተማሪዎች በአብዛኛው ገዢዎች ነን። ዐዲሱን የገዛው ሌላ ነው፤ ሁለት ሦስት ዓመት ተጠቅሞበት ባትሪው ከደከመ፥ መስተዋቱም ከተለወጠ በኋላ ዋጋው ሳይወድቅ ለኛ ያስረክበናል። ባትሪ እንደ ሳሙና በአገልግሎት የሚያልቅ ነገር ነው። አፕል ራሱ በታኅሣሥ ወር 2017 ባትሪያቸው የደከመ ስልኮችን ፍጥነት እንደሚቀንስ አምኗል፤ በ2020ም በዚሁ ምክንያት በአሜሪካ ለተነሣበት ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እንግዲህ ያገለገለ ስልክ ስንገዛ የስሙን ዋጋ በሙሉ ከፍለን የዕድሜውን ጭራ ነው የምንወስደው።

አሁን ወደ ሦስተኛው፥ ማለት ወደ ክብሩ እንምጣ። በአሜሪካ አገር ይህ ነገር ቢያንስ የሚጨበጥ ምክንያት አለው። በዚያ ወጣቶቹ በስልኩ የራሱ መልእክት መላላኪያ ስለሚጻጻፉ፥ ከአይፎን ወደ አይፎን የሚላከው በሰማያዊ፥ ወደ ሌላ ስልክ የሚላከው በአረንጓዴ ይታያል፤ አረንጓዴውም መሣቂያ ይሆናል። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በመጋቢት ወር 2024 አፕልን በከሰሰ ጊዜ ይህንኑ አንሥቷል። እኛ ግን የምንጻጻፈው በቴሌግራም ነው። መምህሩ የሚልከው ማስታወሻ በቴክኖም፥ በሳምሰንግም፥ በአይፎንም ያው ነው። በቴሌብር የሚላከው ገንዘብ በውድ ስልክ ቢላክ አይበዛም። ታዲያ የኛ ክብር ከምን መጣ? በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተገመጠው ፖም እንዲታይ ስልክን በግንባሩ ከመድፋት በቀር ሌላ ምክንያት አላገኘንለትም። አሜሪካኖቹ ኀፍረቱን ሲያመጡ ምክንያቱንም ይዘው ነው፤ እኛ ምክንያቱን እዚያው ትተን ኀፍረቱን ብቻ አስመጣን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

«ክብርም ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ ሰው በያዘው ይመዘናል፤ ሥራ ፍለጋ ስንሄድ ይጠቅመናል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ንግግራቸውን አንንቀውም። ከክፍላችን ተማሪዎች አንዱ በበዓልና በሠርግ ቪዲዮ እያነሣ ገንዘብ ያገኛል፤ ለርሱ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ እንደ አናጢ መጋዝ ነው፤ ይግዛ። የምንቃወመው መሣሪያውን ሳይሆን ሌላው መሣሪያ ባለመያዙ የሚደርስበትን ንቀት ነው። ርካሹን ስልክም ያለ ነቀፋ አናሳልፈውም። ብዙዎቹ የሥርዐት ማሻሻያ የሚያገኙት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ማኅደራቸውም ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሳምሰንግ በጥር ወር 2024 ለኤስ 24 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ለመስጠት ቃል ገብቷል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ለወጣው ለርካሹ ኤ 16 ደግሞ የስድስት ዓመት። ይህን የመሰለው ቃል ኪዳን ከኋላ ከተለጠፈ ምልክት ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ለማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ተማሪ ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እዚያው በሱቁ ውስጥ ስልኩን አስጠፍቶ እንደ ዐዲስ ያስጀምረው። የማይታወቅ ሰው የይለፍ ቃል ከጠየቀ ትቶ ይውጣ። *#06# ሲደወል የሚታየውን መለያ ቍጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያስተያየው፤ ቍጥሩም በደረሰኙ ላይ ይጻፍለት። «ከአሜሪካ የመጣ» ከተባለም ለአንድ የስልክ ኩባንያ ብቻ የተቈለፈ እንዳይሆን ይጠይቅ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉት ሲም ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ እንደሌላቸውም ይወቅ።

ሁለተኛ፥ ማኅበሩ በጽሕፈት ቤቱ አንድ መዝገብ ይክፈት። ስልኩን የሚሸጥ ተማሪ ቍጥሩንና ጕድለቱን አስመዝግቦ፥ ሻጭና ገዢ በምስክር ፊት ይፈርሙ። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው።

ሦስተኛው ለማኅበሩ ሳይሆን ለያንዳንዳችን ነው። ይኸውም ሣቃችንን እንቈጥብ። የኛ የአንድ ማታ ሣቅ የአንዲት እኅት የብዙ ወራት ደመወዝ አስከፍሏል።

ጓደኛችን ዛሬ ከጅዳ ሲደወልለት የሚያናግራት በኛ ስልክ ነው። «ያንተውስ?» ብላ ስትጠይቀው «ቻርጅ ላይ ነው» ይላታል፤ እኛም ሰምተን ዝም እንላለን። የተቀረነው ሰባታችን ተመካክረን ከየዕጣችን ጥቂት ጥቂት ቀንሰን አንድ ዐዲስ ቴክኖ ልንገዛለት ቈርጠናል። እኅቱ የምትደውልበት እርሱ ይሆናል፤ ስለ አይፎኑም እውነቱን የሚነግራት በርሱ ነው። ደረሰኙን ከነመለያ ቍጥሩ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እናስረክባለን፤ መዝገቡ በዚያ ይጀመር።