ማሞ ምን አጠፋ?

«ተረታችንን በሽታ አታልብሱት!» ይላሉ የቦሌ ማኪያቶ ጠጪዎች። የልጅነት መጽሐፉን ደግሞ ያነበበ ሰው «ይሄ ገጸ ባሕርይ ኦቲዝም ያለበት አይመስላችሁም?» ካለ አለቀለት። የፈረንጅ ፋሽን ነዋ!

እሺ፣ የተረቱን ማሞ ቂሎን እንየው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የከፈቱት ሰው፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትመውታል። እኔ በማውቀው ተረት ማሞ የተከፈለውን ሳንቲም ይጥላል። እናቱ «ኪስህ አትከተውም ነበር?» ትለዋለች። በማግስቱ ደመወዙ ወተት ሆነ። ኪሱ ውስጥ ገለበጠው። ወተቱ በጭኑ ቁልቁል ሲወርድ እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ቆይ ግን፣ ምን አጠፋ? አልዋሸም፤ አልለገመም፤ የተባለውን ቃል በቃል ፈጸመ። የሳንቲሙን ምክር ለወተት ያስተረፈችው ማን ናት? እሷን ማን «ቂል» አላት?

ጉዱ ካሣስ? ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልቦለድ ካሳተሙበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ገጸ ባሕርይ እንወደዋለን። ይሉኝታ የለው፣ ለጌታም ለሎሌም ያው አንደበት። እርግጥ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ካሣም ካርድ አላወጣም። ነገር ግን አንዲት እናት አንብባው «ልጄን አየሁት» ብትል ምናችሁ ተነካ? ሀገሬው «ጉዱ» ሲለው ስም መለጠፍ ነው ያለ ነበር?

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ካሣን «ከዘመኑ የቀደመ» እያለ የሚያወድሰው ሰውዬ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ እጁን እያርገበገበ የሚሽከረከር ልጅ ሲያይ የራሱን ልጅ ጎትቶ ያልፋል። ሰርግ ላይ ስፒከሩ ሲያምባርቅ ያ ልጅ ጆሮውን ይዞ ከጮኸ «ያልተቀጣ!» ይባላል። «እናቱ ምን ሠርታ ይሆን?» ይባላል። እናቲቱም በሚቀጥለው ሰርግ አትመጣም። ከዚያ ለቅሶም ትቀራለች። ልጁም በር ተዘግቶበት ያድጋል።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኒያ ፋውንዴሽንን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ለምን ይመስላችኋል? ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ስላሉ ነው። የተረት ጠበቆች ያኔ የት ነበራችሁ? ለወረቀት ሰው ይህን ያህል የሚቆረቆር አንጀት፣ ጎረቤት ላለው ልጅ ሲሆን የት ይገባል?

ዛሬ ማታ ማሞን ስታነቡለት ልጃችሁ ሳይስቅ «እኔም ኪሴ ነበር የምከተው» ቢላችሁስ?