የጠረፉም ማዕድ ዳኛ ይገባዋል

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ወጣቶች ዘንድ አንድ ደስ የሚያሰኝ ልማድ እየሰፋ መጥቷል፤ ይኸውም ጓደኛሞች ደመወዝ በወጣ ሰሞን ገንዘብ አዋጥተው፣ ዛሬ ቦሌ፣ በሚመጣው ሳምንት ሳር ቤት፣ ከዚያም ሃያ ሁለት እያሉ የበርገር ቤቶችን በተራ እያዳረሱ፣ የዳቦውን ልስላሴ፣ የሥጋውን አጠባበስ፣ የችፕሱን ትኩሳትና የሶሱን መጠን መርምረው፣ በመጨረሻም ሒሳቡን ከጣዕሙ ጋር አመዛዝነው ብይን መስጠታቸው ነው። አንዳንድ ታላላቆች ይህን እንደ ሥራ ፈትነት፣ ይልቁንም እንደ ሆዳምነት ይቈጥሩታል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። ሰው በገዛ ገንዘቡ ከፍሎ፣ በገዛ ልሳኑ ቀምሶ፣ ያገኘውን ጣዕም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሲመሰክር፣ ለምግቡ ባለሙያ ከሚሰጡት ክብሮች ሁሉ ከፍ ያለውን ሰጥቶታል። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ዳኝነት ከአስፋልቱ ጫፍ አልፎ አለመሄዱ።

ለምሳሌ መንደር 8 የሚባለውን ስፍራ ስም አንባቢ ሳይሰማው አይቀርም። በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ተከዜያችን ድንበሩን ተሻግሮ ሰቲት ተብሎ ከሚጠራበት ምድር የሚገኝ ሲሆን፣ በአትባራና በሰቲት ላይ በተሠራው፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ታላቅ ግድብ ምክንያት ከመሬታቸው ለተነሡ ሰዎች በቍጥር ብቻ እየተጠሩ ከተቈረቈሩት መንደሮች አንዱ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ፣ ከሑመራና ከማይካድራ አካባቢ የሸሸው ሕዝብ በሉግዲ በኩል እየተሻገረ የሰፈረው በዚሁ መንደር ነበር፤ ሌላውም ወደ ሐምዳይት ወጣ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሱዳን የገባው ሰው ከ60,000 በላይ ሆነ። ስለ እነዚህ ሰዎች ምግብ በዚያን ጊዜ ከተጻፈው ያነበብሁት ሁሉ የስፍር ጽሑፍ ነበር፦ ማሽላው ስንት ኪሎ፣ ክኩ ስንት፣ ዘይቱና ጨው ምን ያህል፣ ለስንት ነፍስ። ስፍሩ መጻፉ ተገቢ ነው፤ ስፍር ሲጓደል ሕፃን ይራባልና። ዳሩ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የማን እጅ እንደሚጣፍጥ፣ ማን ወጡን እንደሚያቁላላና ማን እንደሚያስነካው የጠየቀ ጸሐፊ አላየሁም።

መጠየቅ ግን ይቻል ነበር። ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የኡም ራኩባ ካምፕ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም፤ በ1977 ዓ.ም. የረኃብ ዘመን ወገኖቻችንን ያስጠለለ፣ ከእነርሱም መካከል ቤተ እስራኤላውያን በዘመቻ ሙሴ ወደ ኢየሩሳሌም ምድር እስኪወሰዱ ድረስ በብርቱ መከራ የቈዩበትና ብዙ ሙታን የቀበሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተዘጋ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ለእነዚሁ ስደተኞች ዳግመኛ የተከፈተ ካምፕ ነው። እንደ ተከፈተም ብዙ ሳይቈይ፣ ሰዎቹ ገና ድንኳናቸውን ሳያጸኑ፣ በሣርና በላስቲክ ዳሶች ሥር ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ዳቦ ቤትና ጠጕር ቤት ያለው ገበያ አቆሙ።

በዚያ ገበያ ላይ የሚቀርብ አንድ እንጀራ ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ማስተዋል ይገባል። በደጋው ሦስት ቀን ያህል ቈይቶ በልኩ የሚኮመጥጠው ሊጥ፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በገዳሪፍ ቆላ ያን ያህል ቢቈይ ከመጠን አልፎ ይበላሻል። እናቲቱ ከእናቷ የተማረችውን የቀን ስፍር ትታ፣ እርሾውን ቀንሳ፣ ማታ አቡክታ ጎሕ ሳይቀድ መጋገር አለባት። እህሉም በስፍር የታደለው ማሽላ እንጂ ጤፍ አይደለም፤ ማሽላ ደግሞ እንደ ጤፍ ተያይዞ የመለጠጥ ጠባይ ስለሌለው፣ አብሲቱ በደንብ በስሎ ካልተዋሐደው እንጀራው ገና ከምጣዱ ሳይወጣ ይሰነጣጠቃል። ይህን ሁሉ አልፋ ዐይኑ የበራ፣ ሲጠቀለል የማይቈረስ የማሽላ እንጀራ ያቀረበች ሴት፣ ባለሙያ ተብላ ልትጻፍ አይገባትምን?

በርገር ካልበላሁ የሚል ወጣት ቢኖርም ገዳሪፍ ባዶውን አትሰደውም። በርገር ከስሙ ወዲያ ምንድን ነው? የተፈጨ ነገር ቅርጽ ይዞ ተጠብሶ፣ በተሰነጠቀ ዳቦ መካከል ማባያ ተጨምሮበት በእጅ የሚበላ ምግብ ነው። የሱዳን ሕዝብ ይህንኑ ከሽምብራ ይሠራዋል፤ ስሙም ጠዓሚያ ነው። ግብፆች በባቄላ ሲሠሩት፣ ሱዳኖች ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ በጥሬው ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከድምብላልም ጋር ይፈጩታል፤ ከዚያም እያድቦለቦሉ በፈላ ዘይት ውስጥ ይጥሉታል። ውጩ ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ ውስጡ እርጥብና ትኩስ ሆኖ ይቀራል፤ ጥሩው ከክፉው የሚለየውም በዚህ ነው፤ ዘይቱ ሳይግል የተጣለ ጠዓሚያ ዘይት ጠጥቶ ይከብዳል። ዳቦው ውስጥ ሲገባ በማንኪያ ጀርባ ጨፍለቅ ይደረግና ሸጣ የሚሉት በርበሬ፣ ሲሻም የሰሊጥ ዘይት ይጨመርበታል። ገዳሪፍ ደግሞ የሰሊጥ አገር ናት፤ የእኛው የሑመራ ሰሊጥ ከሚበቅልበት ጋር በድንበር ብቻ የተለየ አንድ ዓይነት ጥቁር አፈር አላት። ረቡዕንና ዓርብን ለሚጾም ክርስቲያን፣ በአዲስ አበባ የጾም በርገር ተብሎ በውድ ዋጋ ከሚቀርበው ብዙው፣ ይህ በጣዕምም በጥጋብም ይበልጣል ብዬ ያለ ጥርጥር እፈርዳለሁ።

የስደተኛን ምግብ ለማወዳደር መነሣት ጭካኔ አይደለምን፣ ርኅራኄስ ወዴት አለ የሚል ሰው እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ተቃውሞው ከቅን ልብ የመጣ ስለ ሆነ በቅንነት ልመልስለት። ምጽዋት የተቀባዩን ጕድለት ይመለከታል፤ ዳኝነት ግን የሰጪውን ችሎታ። የኡም ራኩባዋ ባለ ምግብ ቤት ደጇን ስትከፍት፣ ከተቀባይነት ወጥታ በሰጪነት ማዕርግ ቆማለች፤ እኛ መጥተን ያልጣመንን ጣመን ብንላት፣ ከቆመችበት ማዕርግ መልሰን ወደ ተረጂነት ወረፋ እናወርዳታለን። አብርሃም በመምሬ እንግዶቹን በተቀበለ ጊዜ እንኳ፣ ቅዱስ መጽሐፍ ሥጋና እንጎቻ አቀረበ ብሎ በደፈናው አላለፈም፤ ዱቄቱ የተመረጠ፣ ወይፈኑም መልካም እንደ ነበረ ለይቶ ጽፏል።

በሌላውም ዓለም ይህ ነገር ታይቷል። ጆናታን ጎልድ የተባለው የሎስ አንጀለስ ጸሐፊ፣ ባለ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛዎቹን ምግብ ቤቶች ብቻ ሳይሆን፣ ከየአገሩ የተሰደዱ ሰዎች በየጥጋጥጉ የከፈቷቸውን ቤቶች እየዞረ በሙሉ ጥንቃቄ ሲዳኝ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምግብ ቤት ሐያሲ ከዚያ በፊት ተሰጥቶ የማያውቀውን የፑሊትዘር ሽልማት ተቀበለ። የጎማ ፋብሪካ የጀመረው የሚሽላን መጽሐፍ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በሲንጋፖር የገበያ አዳራሽ ዶሮና ሩዝ ለሚሸጠው ለቻን ሆን ሜንግ አንድ ኮከብ ሰጠው። እነዚህ ዳኞች ለድኻው ቤት የተለየ፣ የላላ ሚዛን አላበጁም፤ ሚዛኑን ይዘው ወደ ደጁ ሄዱ እንጂ።

እንግዲህ የእኛም ወጣቶች ሚዛኑን ያንቀሳቅሱት። ሲያንቀሳቅሱትም ርትዕን ይጠብቁ፤ ውኃ ከሩቅ በጀሪካን የሚቀዳበትን፣ ማገዶ በገንዘብ የሚገዛበትን ቤት ማብረቅረቅ ስላልቻለ አያዋርዱት፤ ወጡ ከቈመጠጠ ግን ቈመጠጠ ይበሉ። ሒሳቡን ከባለቤቷ ሳይከራከሩ ይክፈሉ፤ በነጻ የተበላ ምግብ ምስክርነቱ አይጸናምና። ያለ ፈቃዷ ስሟንና ፊቷን አደባባይ አያውጡ፤ ከጦርነት የሸሸ ሰው የሚደበቅበት ምክንያት ይኖረዋል።

ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳንም ራሷ በጦርነት ስለ ነደደች፣ ዛሬ ወደ ገዳሪፍ ሂዱ ብዬ ማንንም አልመክርም። ነገር ግን ጦርነቱ መንገዱን ገልብጦታል፤ ትናንት ወገኖቻችን በሉግዲ በኩል ሲሻገሩ ውኃ ያቀበለው ሕዝብ፣ በተራው በመተማ በኩል ወደ እኛ መጥቶ መጀመሪያ ኩመርና አውላላ በተባሉት መጠለያዎች አድሮ ነበር፤ ከፊሉም አዲስ አበባ ገብቶ የፉልና የጠዓሚያ ቤቶች ከፍቷል። የበርገር ዳኞቻችን ከእነዚህ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ቦሌን ለማዳረስ የሚወጣውን ዋጋ ያህል እንኳ አይጠይቃቸውም። ጋዜጦቻችንም ለዚህ ሥራ በየሳምንቱ አንድ ዐምድ ይስጡ፤ የበርገሩ ብይን ከሚወጣበት ገጽ ላይ እንጂ ከርዳታው ዜና ግርጌ አይሁን። መጀመሪያው ረቡዕ ቢሆን እወዳለሁ፤ ጠዓሚያው የጾም ስለ ሆነ ሁሉም በአንድ ገበታ ሊቀምሰው ይችላል።