ወደ ኋላ ለተጓዘ ሰው አንድ ሰዓት አይበቃውም

ስለ ጊዜ ተጓዦች የተጻፉ ልብ ወለዶችን ያነበበ ወይም ፊልሞችን የተመለከተ ሰው አንድ ተደጋጋሚ ትዕይንት ሳያስተውል አይቀርም። ተጓዦቹ ሩቅ ዘመን ደርሰው ዙሪያቸውን ማየት ሲጀምሩ መሪያቸው ሰዓቱን አይቶ «በሉ እንመለስ» ይላል። እነርሱ ደግሞ ጥቂት እንዲቆዩ ይለምኑታል። እኛም ባለፈው በጋ ይህንኑ ትዕይንት ያለ አንዳች ልዩ መሣሪያ፣ በአንድ የኪራይ አውቶቡስ ደግመነዋል። መነሻችን ለቡ መብራት ኃይል፣ መድረሻችን መልካ ቁንጡሬ ሲሆን፣ መሪያችን ደግሞ የትምህርት ክፍላችን መምህር ነበሩ። በዚያ ቀን የተከራከርንበት ጉዳይ ከአንድ ጉብኝት የሰፋ መስሎ ስለታየን ለአንባቢያን ልናቀርበው ወደድን።

አስቀድሞ ስለ ጊዜ ጉዞ ጥቂት እንበል። ፊዚክስ ወደ ፊት መጓዝን አይከለክልም። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ባቀረበው የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዝ ሰዓት ካልተንቀሳቀሰው ሰዓት ይልቅ ቀስ ብሎ ይቆጥራል። ሩሲያዊው ጠፈርተኛ ጌናዲ ፓዳልካ በአምስት በረራዎች በድምሩ 879 ቀናት ያህል ምድርን ሲዞር በመቆየቱ፣ መሬት ላይ ከቀረነው በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ገደማ ወደ ፊት ቀድሟል ተብሎ ይሰላል። ወደ ኋላ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። ስቲቨን ሆኪንግ ሰኔ 21 ቀን 2001 ዓ.ም. ለጊዜ ተጓዦች ግብዣ አዘጋጅቶ የጥሪ ወረቀቱን ያሰራጨው ግብዣው ካለፈ በኋላ ነበር። ወደ ኋላ መምጣት የሚችል ቢኖር ጥሪውን አንብቦ በሰዓቱ ይገኝ ነበር። የመጣ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ በአካል የማይደረስበትን ዘመን ለመጎብኘት የቀረን መንገድ ድንጋይና አጥንት ማንበብ ነው። ከለቡ መብራት ኃይል በዓለም ገና አድርጎ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ እስከ መልካ ቁንጡሬ ያለውን ርቀት፣ ለስሌት እንዲመቸን 40 ኪሎ ሜትር እንበለው። በመልካ ቁንጡሬ የተገኙት ጥንታዊ አሻራዎች ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ስለሆኑ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ለ50 ሺህ ዓመት ይቆማል። በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ የምንጠቅሰው የሦስት ሺህ ዓመት ታሪካችን 60 ሜትር ብቻ ነው። አውቶቡሱ ማርሽ እስኪቀይር እንኳ አይቆይም። በኦሞ ኪቢሽ የተገኘውና ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ይሆነዋል የሚባለው የእኛው ዝርያ ቅሪተ አካል አምስተኛውን ኪሎ ሜትር ሳንጨርስ ይታለፋል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ደግሞ ከመልካ ቁንጡሬም አልፋ 64ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች። ይህን ስሌት አውቶቡሱ ውስጥ የሠራው አንድ የሒሳብ ተማሪ ሲሆን፣ መንገዱን በሙሉ የኪሎ ሜትር ምሰሶ ባየ ቁጥር ዘመን እየጠራ እንቅልፍ ከልክሎናል።

መልካ ቁንጡሬ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በላይኛው አዋሽ ዳርና ዳር የሚገኝ ሥፍራ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ነው። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት ቁፋሮውን መርቷል፤ በኋላም የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ተረክበውታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከለቡ ተነስቶ ምሳ ሳይደርስ የሚደረስበት የዓለም ቅርስ መሆኑ ነው። ሆኖም በአውቶቡሱ ውስጥ ከነበርነው መካከል ቀደም ሲል ያየው ሁለት ሰው ብቻ ነበር።

የዕለቱ መርሐ ግብር መልካ ቁንጡሬን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ አዳዲ ማርያምን፣ ከዚያ የጢያን ትክል ድንጋዮች፣ ከዚያም መመለስ ይል ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ደርሰን፣ አስጎብኚው ክብ ጎጆዎቹ ውስጥ ያለውን ዐውደ ርእይ በጥድፊያ አሳይቶን ጎምቦሬ ወደሚባለው የቁፋሮ ሥፍራ ስንደርስ መምህራችን ሰዓታቸውን ተመለከቱ። አስጎብኚው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ስለ እግር ዱካዎቹ መናገር ጀምሮ ነበር።

የዱካዎቹ ነገር እንዲህ ነው። ጎምቦሬ ሁለት በተባለው ሥፍራ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ የተሸፈነ፣ በአንዲት ትንሽ ኩሬ ዳር የነበረ የጭቃ ወለል ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በዚያ ወለል ላይ የአእዋፍና የጉማሬ ኮቴ ከሰው ዱካ ጋር ተደባልቆ ታትሟል። በዚያው የድንጋይ መሣሪያ ተጠርቧል፤ ጉማሬም ተበልቷል። ከሰዎቹ ዱካዎች መካከል የሕፃናት አሉ። አንዳንዶቹ አንድና ሁለት ዓመት የሞላቸው፣ ገና መራመድ የጀመሩ ናቸው። አዋቂዎቹ ሥራ ላይ ሳሉ ልጆቹ እዚያው በመካከላቸው ይድሁና ይራመዱ ነበር ማለት ነው።

«ልጆች፣ እንሂድ፤ ጢያ ይጠብቀናል» አሉ መምህራችን።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ጓደኛችን «መምህር፣ ጢያ ስምንት መቶ ዓመት ቢቆም ነው፤ አንድ ቀን ቢጠብቀን ምን ይለዋል?» አለቻቸው። ሳቁ። ቀጥለው ያነሷቸው ምክንያቶች ግን የሚናቁ አልነበሩም። የአውቶቡሱ ኪራይ ለአንድ ቀን ነው፤ መርሐ ግብሩ በትምህርት ክፍሉ ጸድቋል፤ ከመካከላችንም ገሚሱ የመጣው ጢያን ለማየት ነው። ሾፌራችንም ከመሸ ወደ ከተማ መግባቱን አልወደዱትም። ተከራከርን። ድምፅ እንስጥ ያለም ነበር። በመጨረሻ መምህራችን «አዳዲንም ጢያንም ትተን እዚሁ ብንውል የሚቀየመኝ አለ?» ሲሉ ሁለት እጆች ተነሡ። ለእነዚያ ሁለት ጓደኞቻችን ዛሬም ባለዕዳ ነን።

በተጨመረልን ጊዜ መምህራችን አራት አራት ሆነን ተከፍለን፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወለል ብቻ እንዲመለከትና እንዲሥል አዘዙን። ፎቶግራፍ ማንሣት ተከለከለ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች አሰልቺ ነበሩ ብንል ውሸት አይሆንም። ከዚያ በኋላ ግን ድንጋይ ብቻ ይመስለን የነበረው ነገር መለያየት ጀመረ። ውኃ ያለሰለሰው ጠጠር ከተጠረበው ተለየ። በተጠረበው ላይም ምቱ ያረፈበት እብጠት ይታይ ጀመር።

አንዱ ጓደኛችን መንገድ ዳር ያገኘውን የሚያብረቀርቅ የባልጩት ስባሪ ኪሱ ከትቶ ነበር። አስጎብኚው አይቶት «ካነሣህበት መልሰው፤ ኪስህ ውስጥ ዕድሜ የለውም» አለው። በዕለቱ ከሰማናቸው ቃላት ሁሉ እጅግ ሳይንሳዊ ሆኖ ያገኘነው ይህን ነው። የባልጪት ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ከአራት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የሰው እጅ መቼ እንደጠረበው ግን ድንጋዩ ራሱ አይናገርም፤ የሚናገረው የተቀበረበት ንጣፍ ነው። ከበላዩና ከበታቹ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ሲቀልጥ የነበረው አርጎን ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ፖታሲየም 40 ቀስ በቀስ ወደ አርጎን እየተለወጠ እንደገና ይጠራቀማል። የፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ስለሆነ፣ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ አመዱ መቼ እንደወደቀ ይታወቃል። ድንጋዩን ከንጣፉ ያነሣ ሰው ሰዓቱን ከግድግዳው ነቅሎ ጥሎታል። አያቶቻችን ራስ ይላጩበት የነበረው ባልጩት ለማስታወሻ ይሆናል ብሎ ኪስ ውስጥ መክተት ብዙ ጎብኚዎች የሚፈጽሙት ስሕተት ነው። ጓደኛችን የት እንዳነሣው ለማስታወስ ሩብ ሰዓት ፈጅቶበታል።

የመቆየትን ጥቅም የምንሟገተው ከዚህ ገጠመኝ ብቻ ተነሥተን አይደለም። በአገራችን የተገኙት ታላላቅ ግኝቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የመቆየት ውጤቶች ናቸው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት በሐዳር ዶናልድ ጆሃንሰን ድንኳኑ ውስጥ የተከማቸ የጽሕፈት ሥራ ነበረበት። ቶም ግሬይ የተባለው ተማሪው ግን ቁጥር 162 የተባለውን ሥፍራ ሊፈልግ ነበርና፣ ጆሃንሰን ወረቀቱን ትቶ አብሮት ወጣ። ለሁለት ሰዓታት ያህል ፈልገው፣ ፀሐይ በርትታ ወደ መኪናቸው ሊመለሱ ሲሉ፣ ሌሎች ከአንድ ጊዜ በላይ ያሰሱት አንድ ጉድባ ነበር። ጆሃንሰን በዚያ በኩል እንለፍ አለ። የክንዷ አጥንት ታየው። ድንቅነሽን ከዚያ ሥፍራ ለቅሞ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ያህል ወስዷል። በዋዜማው ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ስድሳ ሰዎች መረሸናቸውን ላስታወሰ፣ አገሪቱ በዚያ ሰዓት ስለ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ለማሰብ ፋታ ነበራት ማለት ያስቸግረዋል።

ከዚያ በኋላ ያሉትም ከዚህ የባሰ ትዕግሥት የጠየቁ ናቸው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እና ባልደረቦቹ በዲኪካ በ1993 ዓ.ም. የተገኘችውን የሕፃን ሰላምን አጥንቶች ከአሸዋ ድንጋይ ለማላቀቅ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ይዘው ዓመታትን አሳልፈዋል። ግኝቱ የታተመው በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። አርዲ የምትባለው 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ቅሪተ አካል የመጀመሪያ ቁራጯን ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ካገኘበት ከ1994 እ.ኤ.አ. እስከ ሙሉ ዘገባው 15 ዓመት ፈጅታለች። እዚያው መልካ ቁንጡሬ፣ ጋርባ በተባለው ሥፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የአንድ ሕፃን የታች መንጋጋ ተገኝቶ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ለአሠርት ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። በ2023 በግሬኖብል የሚገኘው ሲንክሮትሮን ገና ያልበቀሉትን ጥርሶች ከመንጋጋው ውስጥ ካሳየ በኋላ ሆሞ ኢሬክተስ እንደሆነ ታተመ። ዕድሜው ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አርባ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ የጠበቀ ሕፃን በአንድ ሰዓት ጉብኝት እንዴት ይታወቃል?

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ኢትዮጵያውያን ባለፈው ዘመን ከሚገባው በላይ ቆይተናል፤ ድሮ እያልን ዛሬን እንረሳለን የሚሉ አሉ። በከፊል እንስማማለን። የሦስት ሺህ ዓመቱን ወሬ በየስብሰባው መስማት ሰልችቶናል። ነገር ግን የሚያኮራ ነገር ፍለጋ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው እምብዛም አይቆይም። የሚፈልገውን አንድ ቃል ይዞ ወዲያው ይመለሳል። የድንቅነሽን ስም የሚያነሣው ሁሉ የብሔራዊ ሙዚየምን ደረጃ ወርዶ ቅጂዋን ፊት ለፊት ቆሞ ያጠና ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው የበለጠ ያሳምነን ነበር። ደግሞስ ስለ ጎምቦሬ ሕፃናት ማን ይኮራል? ኩሬ ዳር ጭቃ ረገጡ፤ ያ ብቻ ነው። የሚያስቆየን ኩራት ሳይሆን ማወቅ የሚገባን ነገር ገና ያልተነገረን መሆኑ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ለትምህርት ክፍሎችና ጉብኝት ለሚያዘጋጁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። በአንድ ቀን ሦስት ቅርስ የሚል መርሐ ግብር ይቅር። አንድ ሥፍራ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ይሰጠው። ተማሪው ስልኩን አስቀምጦ እርሳስና ሜትር ይያዝ። ጢያም የራሱ ቀን ይገባዋል፤ በተለይ ለሁለቱ ጓደኞቻችን።

ለቡ መብራት ኃይል ስንደርስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። ታክሲ ያጣን ነበርን፤ ቤተሰብ የተቆጣንም አለን። ሾፌራችን መንገዱን በሙሉ ዝም ብለው ነድተው፣ ልንወርድ ስንል «እነዚያን ሕፃናት ጉማሬው አጠገብ ትተዋቸው ነው ሥጋ የሚከፋፈሉት?» ብለው ጠየቁ። መምህራችንም አንድ ትልቅ ልጅ ይጠብቃቸው እንደሁ ከዱካው መለየት ይቻል እንደሆነ ሊያነቡ ቃል ገቡላቸው። የሁለት ቀን ጉብኝት የሚጠይቀውን ደብዳቤ ለትምህርት ክፍሉ አስገብተናል። ሾፌራችንም ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ ከመጣችሁ እኔው እወስዳችኋለሁ ብለውናል።