የአባቶቻችን መርከብ በምን ልክ ትሠራ?

በዚህ እትም የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የጦር መርከብ ሞዴል ለመሥራት ትክክለኛው ፕላን ከየት ይገኛል? የተገኘውስ ፕላን እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? «ባሕር በሌለበት አገር፣ ያውም ማታር ተቀምጠሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን በየጉባኤዎቻችን የቀድሞ የባሕር ኃይል አባላት የነበሩ አባቶች አሉ። ልጆችና የልጅ ልጆች «የሠራህባትን መርከብ አሳየኝ» ሲሏቸው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። መርከቧ የለችምና የሚያሳዩት ነገር የላቸውም።

የማታርም ልጆች ቢሆኑ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደሉም። የኑዌር ልጅ ከጭቃ በሬ ሲሠራ ቀንዱን እንዲሁ አያበጀውም። እውነተኛው በሬ ቀንዱ ወዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል፤ ቢሳሳት ጓደኞቹ ይስቁበታል። የምንነጋገረውም ስለዚሁ ነው። የምንወደውን ነገር በልኩ መሥራት።

የትኛዋ መርከብ?

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሠረተ። ትልቋ መርከቡ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር፤ በጎኗ ላይም ኤ-01 የሚል ቁጥር ነበራት። መጀመሪያ ግን አሜሪካዊት ነበረች። በዋሽንግተን ግዛት በሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ፋብሪካ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1944 «ኦርካ» ተብላ ሥራ ጀመረች። ሥራዋ በውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና ማቅረብ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ባንዲራ መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ወጣች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ መርከቧ ወደ የመን ሸሸች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ዛሬ ሄዶ የሚነካት የለም። ስለዚህ ፕላኑ ትልቅ ዋጋ አለው።

ፕላኑ ከየት ይገኛል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው «ኢትዮጵያ» በሚለው ስም ብቻ በመፈለጉ ነው። የመርከብ ሥዕል የሚቀመጠው በሠራት አገር፣ በተወለደችበት ስም ነው። «ኦርካ» የባርኔጋት ክፍል ከሚባሉት መርከቦች አንዷ ናት። ከሠላሳ በላይ እህቶች ነበሯት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከብ ቢሮ ፕላኖች በሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ያላችሁ የመርከቧን የመጀመሪያ ስምና ክፍሏን ጽፋችሁ ብትሰጡት ጥያቄውን ሊያቀርብላችሁ ይችላል። የእንግሊዝ መርከብ የሚፈልግ ደግሞ የግሪንች ብሔራዊ የባሕር ሙዚየምን ይጠይቅ፤ ከዓለም ትልልቆቹ የመርከብ ፕላን ክምችቶች አንዱ እዚያ ነው።

ይህ ለእኛ አካባቢም ይጠቅማል። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1902ቱ ስምምነት በኋላ የሱዳን እንፋሎት መርከቦች በክረምት ውኃው ሲሞላ እስከ ጋምቤላ ይመጡ ነበር። በዓባይ ላይ የነበሩትን የእንግሊዝ የጦር ጀልባዎች ያየን እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 በለንደን አቅራቢያ በቶርኒክሮፍት ፋብሪካ የተሠራችው «መሊክ» ርዝመቷ 44 ሜትር ያህል ሆኖ ውኃ ውስጥ የምትገባው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። የወንዝ መርከብ እንደ ባሕር መርከብ ሆዷ ከጠለቀ አሸዋ ላይ ትቀራለች። የወንዝ ጀልባ ለመሥራት የሚፈልግ ልጅ ይህን ልዩነት ከፕላን ይማራል።

ፕላኑ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?

አንደኛ፣ ሦስት እይታዎች መኖራቸውን ተመልከቱ፤ ከጎን፣ ከላይ፣ እንዲሁም ከፊትና ከኋላ የተቆረጠ። የጎኑ ሥዕል ብቻ ያለው ወረቀት ለግድግዳ ያምራል እንጂ መርከብ አይሠራም፤ ሆዷ ወዴት እንደሚጠብና እንደሚሰፋ አይናገርምና።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን በታወቀ ቁጥር ፈትኑት። ፎቶ ኮፒ አንዳንዴ በአንድ በኩል ይስባል። «ኢትዮጵያ» ርዝመቷ 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር ነበር። ርዝመቷ የወርዷን ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ነው ማለት ነው። እጃችሁ ባለው ሥዕል ላይ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። 5 ከሆነ ወረቀቱ ተዛብቷል።

ሦስተኛ፣ መስፈርቱን ወስኑ። በካርታ ትምህርት የምናውቀው መስፈርት ነው። 1፡200 ከመረጣችሁ ሞዴሉ 47 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የቤት ጠረጴዛ ይበቃዋል። 1፡100 ከሆነ ወደ 95 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። እናቶች፣ ይህን ከሥራው በፊት ተነጋገሩ፤ ራት የሚበላበት ጠረጴዛ ለወራት እንዳይያዝ! በሰንበት ትምህርት ቤት የኖኅን መርከብ የሚሠሩ ልጆችም እዚህ ይማሩ። 300 ክንድ በ50 ክንድ ስለሆነች ርዝመቷ የወርዷ ስድስት እጥፍ ነው። ክንዱን 45 ሳንቲ ሜትር ብንለው በ1፡200 ሞዴሏ 67 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልጁ ያለ ስብከት የሚያስተውለው ነገር ይኖራል።

አራተኛ፣ የፕላኑን ዓመት ጠይቁ። ሊሠሩ ያሰቡት ሥዕልና ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የተሣለው አንድ አይደሉም። መርከብ እንደ ቤት ናት፤ በየጊዜው ይቀየርባታል፣ ይጨመርባታል፣ ይነሣላታል። የ1944ቷ «ኦርካ» እና ምጽዋ የነበረችው «ኢትዮጵያ» አካላቸው አንድ ቢሆንም በላያቸው ያለው ሁሉ አንድ ነው ማለት አይቻልም። የእህት መርከብን ፕላን የምትጠቀሙም ከሆነ ለሆዷ ታምኑት ይሆናል፤ ለምሰሶዋና ለመድፎቿ ግን በፎቶግራፍ አረጋግጡ።

ፕላኑና አባት ሲለያዩ

ከቤተሰብ አንጻር ዋናው ነገር ይህ ነው። ልጅ ፕላኑን ዘርግቶ «ጀልባው የሚሰቀለው እዚህ ነው» ይላል። አባት «የለም፣ በዚያ በኩል ነበር፤ እኔ ራሴ ቀለም ቀብቼዋለሁ» ይላል። ልጅ የታተመ ወረቀት ስለያዘ አባቱን የረሳ ሰው አድርጎ ያየዋል። እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፕላኑ የ1944ን እውነት ሊናገር ይችላል፤ አባት ደግሞ የ1960ዎቹን። ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። ልጁ «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከፕላኑ ጎን በእርሳስ ይጻፍ። ያ ጽሑፍ በየትኛውም ቤተ መዛግብት የማይገኝ ነው።

እናቶችንም አትርሱ። ባል በባሕር ላይ ሲሰነብት ወደብ ላይ ቆመው የጠበቁ ሚስቶች ነበሩ። ፎቶግራፎቹ ያሉት ብዙ ጊዜ በእነርሱ ሳጥን ውስጥ ነው። በየዓመቱ በምጽዋ ይደረግ በነበረው የባሕር ኃይል ቀን የተነሣ አንድ ፎቶ፣ ከሰዎቹ ጀርባ የምትታየው መርከብ ምሰሶ ስንት እንደ ነበር ይናገራል። ፎቶው ስታወጡት ግን ስለ ምሰሶው ብቻ አትጠይቁ፤ ከፊት ስለቆሙትም ጠይቁ። ከእነዚያ ወጣቶች ወደ ቤት ያልተመለሱ አሉ። አባት ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ዝም ያለው ስለዚህ ሊሆን ይችላል። ዝም ካለ አታስገድዱት፤ ሥራው ይቀጥል። እጅ በሥራ ተይዞ እያለ አንደበት የሚፈታበት ጊዜ አለ።

ጦር መሣሪያውስ?

በእኛ አካባቢ ጠመንጃ ለልጅ መጫወቻ አይደለም፤ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ስለዚህ «መድፉን ትተን ብንሠራትስ?» የምትል እናት ብትኖር ልቧ ይገባኛል። እኔ ግን መድፉ በቦታው ይሁን እላለሁ። መድፍ የሌላት የጦር መርከብ ውሸት ናት፤ ልጁም ጦርነት ንጹሕ ነገር ይመስለዋል። መድፉን በልኩ ይሥራው፤ ከዚያ አባቱ ወይም አያቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ምን እንደ ነበር ይንገረው። አንድን ነገር በትክክል መሥራት ማወደስ አይደለም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህን ሥራ በሳምንት አንድ ማታ ብቻ አድርጉት፤ ወጪውንም አስቀድማችሁ ተስማሙበት። ለአካሉ ካርቶንና ሙጫ ይበቃል። ትልቁ ወጪ ጊዜ ነው። አባቶቻችን ደግሞ በዕድሜ እየገፉ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባሕር ኃይሏን እንደገና ማደራጀት ጀምራለች፤ አዲሶቹ መርከበኞች የቀድሞዎቹን ታሪክ መስማት ይፈልጋሉ። ፕላኑ ሜሪላንድ ቢቆይ አይጠፋም። አባታችሁ ያስታወሰውን ግን ዛሬ ካልጻፋችሁት ነገ የሚጽፈው የለም። ስለዚህ ፕላኑን ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።