ካርዱ ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው?

ከሆስፒታል ሲመለሱ ካርዳቸውን ይዘው ወደ ቤቴ ብቅ የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። «ሲስተር፣ እስቲ ይችን አንብቢልን» ይሉኛል። ሐኪሙ ሳይነግራቸው ቀርቶ አይደለም፤ ድንጋጤ አለ፣ ደግሞ መጠየቅም ያሳፍራል። በብዛት የሚያስደነግጧቸው የአንጎልና የነርቭ በሽታ ስሞች ናቸው።

«ስትሮክ» ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። በእኛ ዘንድ የሰው ፊት ድንገት ሲጣመም «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ዳማከሴን አልነቅፍም፣ ከደጄም አይጠፋ፤ የሚጎዳው በመሃል የሚባክነው ጊዜ ነው። «ቤልስ ፓልሲ» የሚባለውም ፊት ያጣምማል፤ እሱ ግን የፊት ነርቭ ሕመም እንጂ የአንጎል አይደለም፣ አብዛኛው ሰውም በሳምንታት ወይም በወራት ይሻለዋል። በቤልስ ፓልሲ የታመመው ጎን ግንባር አይሸበሸብም፣ ዓይኑም አልከደን ይላል። በስትሮክ ግን ግንባሩ ብዙ ጊዜ ይሸበሸባል፤ ይልቅ ክንድ ወይም እግር ይዝላል፣ አንደበት ይተሳሰራል። ይህን ያልኩት ሐኪሙ «ግንባርዎን ይሸብሽቡ» ሲል ምን እንደሚፈልግ እንድታውቁት ነው፤ ቤት ውስጥ ለመለየት አትሞክሩ። ፊት ከተጣመመ መንገዱ አንድ ነው፣ ወደ ሐኪም። የጀመረበትን ሰዓትም ያዙ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ እንኳ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጃናሞራ ገደል ማዶ ለሚመጣውማ አስቡት። ስለዚህ ለደገኛው ዋናው ነገር ቀድሞ በጤና ጣቢያ ግፊትን መለካት፣ ክኒን ከታዘዘም «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ አለማቆም ነው።

«ሜኒንጃይትስ» ማጅራት ገትር ነው። የእኛ ስም ይሻላል፤ ምልክቱን ይናገራላ! የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ሽፋን ሲቆጣ ማጅራት ይገተራል፣ ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ይከተላል። በጨቅላ ልጅ ላይ ግን ማጅራቱ ላይገተር ይችላል። እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ከፈዘዘ፣ አያቶች፣ አታሳድሩት።

«ኮንቨልዥን» ማንቀጥቀጥ ማለት ነው። ትንሽ ልጅ ትኩሳት ሲበረታበት አንድ ጊዜ ቢያንቀጠቅጠው የሚጥል በሽታ ይዞታል ማለት አይደለም፤ ይመርመር እንጂ። «ኤፒለፕሲ» የሚባለው ያለ ትኩሳት እየደጋገመ የሚጥለው ነው። አረፋው አይጋባም። ክብሪት ማሽተት፣ ማንኪያ አፍ ውስጥ መክተት ይቅር፤ በጎኑ አስተኙት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ፌኖባርቢታል ርካሽ ክኒን ነው፣ ብዙዎችን ከመውደቅ አድኗል፤ ድንገት ሲቋረጥ ግን ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። ጸበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ክፉ ቃጠሎ ብዙው እሳት ላይ ከወደቁ ሰዎች ነበር፤ የሚጥለው ሰው ያለበት ቤት ምድጃውን በጭቃ ከፍ አድርጎ ይከልል፣ ወጥ የሚሠራውም ሌላ ሰው ይሁን።