የአረር ግርጌ እንደ ታሪክ ማስረጃ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ ጠመንጃ ይቆጠራል፤ ጥይት ግን እምብዛም አይመረመርም። ስንት ጠመንጃ ገባ፣ በማን በኩል ገባ፣ ለማን ተከፋፈለ የሚሉት ጥያቄዎች ሰፊ ቦታ ሲይዙ፣ እነዚያ ጠመንጃዎች ምን ይተኩሱ ነበር፣ ዒላማቸውንስ ምን ያህል ይመቱ ነበር የሚለው ይዘለላል። ክፍተቱን ለመሙላት ከሚረዱት መንገዶች አንዱ የአረርን ግርጌ መመርመር ነው።

የግርጌ ቅርፅ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። አረር ሲተኮስ አፈሙዙን በመጨረሻ የሚለቀው ግርጌው ነው። ግርጌው በአንድ ወገን ከተሸረፈ የባሩዱ ጋዝ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጣል፤ አረሩም ዘንበል ብሎ ከመስመሩ ይወጣል። በጫፉ ላይ የደረሰ ተመሳሳይ ጉዳት ይህን ያህል አያዛንፈውም። በ1849 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሚኒዬ የሠራው አረር ግርጌው ጎድጓዳ ስለነበር በጋዙ ግፊት እየሰፋ የበርሜሉን ጠምዛዛ ቦዮች ይነክስ ነበር። በ1898 እ.ኤ.አ. ለሌበል ጠመንጃ የተሠራው ደግሞ ወደ ግርጌው እየጠበበ ስለሚሄድ የአየሩን ጉተታ ቀንሷል። በሽጉጥ ርቀትና ፍጥነት ግን የዚህ ጥቅም ከቁጥር አይገባም፤ ጋዙን አጥብቆ የሚዘጋ ጠፍጣፋ ወይም ጎድጓዳ ግርጌ ይመረጣል። ቀለህ መልሶ ለሚሞላ ሰውም ልዩነቱ ይታወቃል፦ ስል ጠርዝ ያለው ጠፍጣፋ ግርጌ የቀለሁ አፍ በጥቂቱ ካልሰፋለት ሲገባ ይፋቃል፤ ጠርዙ ሰያፍ የሆነው በቀላሉ ይገባል፣ ጋዙን ግን እንደ ጠፍጣፋው ላይዘጋ ይችላል።

ይህ ሁሉ ውጅግራን ይመለከታል። ስሙን ከ1874ቱ የፈረንሳይ «ፉዚ ግራ» የወረሰው ይህ ባለ11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት አገልግሏል። የፋብሪካው አረር 25 ግራም የሚመዝን፣ ወረቀት የተጠቀለለበት እርሳስ ነበር። ጥይቱ ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጎን መገበያያ እስከ መሆን ደርሷል። ጥቁር ባሩድም ሆነ እርሳስ በእጅ ሊዘጋጅ ስለሚችል የናስ ቀለሁን መልሶ መሙላት ይቻል ነበር። በእጅ የፈሰሰ አረር ግን ምልክት አለው፦ በጎኑ የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ መስመር፣ ብዙውን ጊዜም በግርጌው እርሳሱ የፈሰሰበት ጠባሳ።

እንግዲህ የጠመንጃ ቁጥር ብቻውን የታጣቂን አቅም አይለካም። ይህ በተለይ በጌዴኦ ሊጤን ይገባል። የነፍጠኛና ገባር ሥርዓት ስሙን እንኳ ያገኘው ከነፍጥ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ያነሡት አመፅም ያለ መሣሪያው ታሪክ ሙሉ አይሆንም።

የተተኮሰ እርሳስ ይጨፈለቃል፣ ስለዚህ ማስረጃነቱ ደካማ ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የሚጨፈለቀው ጫፉ ነው፤ ግርጌው ከሌላው ክፍል ይልቅ ቅርፁን ይዞ ይቆያል። ግርጌው ብቻውን ፍርድ ባይሰጥም ከክብደት፣ ከውፍረትና ከቦዮቹ አሻራ ጋር ሲነበብ ይናገራል።

በዲላ ዙሪያ የቃል ታሪክ የሚሰበስብ ተመራማሪ አንድ ሽማግሌ የተተኮሰ አሮጌ አረር ቢያሳዩት «ጥይት» ብሎ መዝግቦ ሊያልፍ አይገባም፤ ይመዝነው፣ ይለካው፣ ገልብጦም ግርጌውን ፎቶ ያንሣ። ያልተተኮሰውን ግን መፈታታት አይገባም፤ ያረጀ ባሩድ አሁንም ይገድላል። እርሳስ በቀላሉ ይቀልጣል፣ ናስም ይሸጣል። ዛሬ ያልተመዘገበው ነገ አይገኝም።